ቁጥሩ እግሯ ላይ ይታሰር፦ የአገራችንን እንቁራሪቶች፣ እስስቶችና እባቦች ለሙዚየም ማዘጋጀትና መመዝገብ

በ1900 ገደማ ካርሎ ፎን ኤርላንገርና ኦስካር ኖይማን ኢትዮጵያን ሲዞሩ የሰበሰቧቸው እንቁራሪቶች ጀርመን ገቡ። በ1924 ኤርንስት አል የተባለ ጀርመናዊ የእንስሳት ተመራማሪ ዛሬ ፕቲካዴና ኤርላንገሪ እና ፕቲካዴና ኖይማኒ የምንላቸውን ሁለት ዝርያዎች ሰየመ። ከዚያ ወዲህ በደጋው ክፍላችን እርስ በርስ ክፉኛ የሚመሳሰሉ በርካታ የፕቲካዴና ዝርያዎች እንዳሉ ታወቀና «ታዲያ ኖይማኒ የምትባለው የትኛዋ ናት?» የሚል ጥያቄ መጣ። ጥያቄው የተፈታው በ2021 ነው፤ ከመቶ ዓመት በላይ ብልቃጥ ውስጥ ከቆዩት ከእነዚያው ናሙናዎች ዲኤንኤ ወጥቶ ተነበበ። ይህ የተቻለው እንቁራሪቷ ስላልበሰበሰች ብቻ አይደለም። የትኛዋ እንቁራሪት ከየት እንደመጣች የሚናገረው ወረቀት ከእሷ ሳይለይ ስለቆየ ነው።

ይህ መመሪያ በኢትዮጵያ ውስጥ የእንቁራሪት አስተኔዎችንና የገበሎ አስተኔዎችን ስብስብ ለሚይዙ፣ ለሚያደራጁ ወይም አዲስ ለሚጀምሩ ነው። በዩኒቨርሲቲ የባዮሎጂ ክፍል ቁም ሣጥን ውስጥ የተረሱ ብልቃጦችም እንደ ስብስብ ይቆጠራሉ። ዓ.ም. ያልተባለበት ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ ለምን ይህን አስቀድመን እንዳልን ወደታች ግልጽ ይሆናል።

ከመውጣት በፊት

ፈቃድ መጀመሪያ። ለመሰብሰብ ከኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን፣ ናሙና ወይም ሥጋ ወደ ውጭ ለመላክ ደግሞ ከኢትዮጵያ ብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የጄኔቲክ ሀብት ጉዳይ የሚገዛው በአዋጅ ቁጥር 482/2006 ነው። እስስት፣ አርጃኖ፣ ዘንዶ፣ ኤሊና አዞ ድንበር ሲሻገሩ የሳይተስ (ለመጥፋት የተቃረቡ ዝርያዎችን ንግድ የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት) ወረቀት ይጠየቅባቸዋል። በባሌ የምትገኘው ትንሿ ጉርጥ አልቲፍሪኖይድስ ማልኮልሚ እንዲያውም በሳይተስ የመጀመሪያው አባሪ ላይ ናት። የፈቃዱ ቁጥር በካታሎጉ ውስጥ የራሱ ዓምድ ይኑረው። ከዓመታት በኋላ አንድ ሙዚየም ናሙና በውሰት ሲጠይቅ የሚፈለገው ያ ቁጥር ነው፤ ፋይል ውስጥ ብቻ የቀረ ፈቃድ ደግሞ አይገኝም።

እንቁራሪቶችን የሚገድለው ካይትሪድ የተባለው የቆዳ ፈንገስ በአገራችንም ስለተገኘ፣ ከአንዱ ወንዝ ወደ ሌላው ስትሄዱ ቦቲውንና መረቡን አጽዱ። ጭቃውን በብሩሽ አራግፉ፣ ከዚያ አንድ እጅ በረኪና (5 በመቶ ገደማ የሆነውን) በአራት እጅ ውሃ በጥብጣችሁ ቢያንስ ለአንድ ደቂቃ ንከሩት። ጭቃ ካልተነሣ በረኪናው ጉልበቱን ጭቃው ላይ ይጨርሳል። ለእያንዳንዷ እንቁራሪት አዲስ ጓንት፣ አዲስ የላስቲክ ከረጢት።

ስንት ይያዝ? ለጥያቄው የሚበቃውን ያህል ብቻ። የሐረና ጫካዋ ባሌብሬቪሴፕስ ሂልማኒ እና የባሌዋ ኤሪካባትራከስ ባሌንሲስ ከምድር ገጽ ለመጥፋት እጅግ የተቃረቡ ተብለው የተመዘገቡ ናቸው። እነሱን ካገኛችሁ ፎቶ አንሡ፣ ቆዳቸውን በጥጥ ዘንግ ጥረጉ፣ ድምፅ ቅዱ፣ ልቀቁ።

ቁጥሩ

እንስሳዋ በሞተች በዚያው ሰዓት የመስክ ቁጥር ታገኛለች። ቁጥሩ የሰብሳቢው ምልክትና ተከታታይ ቁጥር ነው፣ ከዚያ ውጭ ምንም አይጨመርበትም። ዓመት፣ ክልል ወይም የዝርያ ምኅጻር ቁጥሩ ውስጥ መክተት ብልህነት ይመስላል። ግን ዝርያው ሲታረም፣ ክልሉ ሲከፈል ቁጥሩ ውሸት ተናጋሪ ይሆናል። የተሰረዘ ቁጥር ተሰርዞ ይቀራል እንጂ ለሌላ አይሰጥም። በሚቀጥለው ጉዞም ከአንድ አትጀምሩ፤ ካቆማችሁበት ቀጥሉ።

አንድ ግለሰብ አንድ ቁጥር። በአንድ ብልቃጥ ያሉ አሥር እንቁራሪቶች አሥር ቁጥር ይኖራቸዋል። ገና እግር ያላወጡ እጮች ግን ከአንድ ኩሬ ከተቀዱ በአንድ ቁጥር ሥር፣ ብዛታቸው ተጽፎ፣ አብረው ይቀመጣሉ።

ቁጥሩ የሚታሰረው እንስሳዋ ላይ ነው። ለእንቁራሪት ቀኝ የኋላ እግር ከጉልበት በላይ፣ ለእንሽላሊትም እንዲሁ፣ ለእባብ ከራሱ ወደ ኋላ ሲሶ ገደማ ላይ ወገቡን። ክሩ የጥጥ ይሁን። ናይለን ቋጠሮው በአልኮል ውስጥ እየሟለጨ ይፈታል፣ ካልተፈታ ደግሞ ቆዳ ይቆርጣል። ብልቃጡ ላይ ብቻ የተለጠፈ ቁጥር ቁጥር አይባልም፤ ብልቃጡ አንድ ቀን ይሰበራል፣ ሙጫውም በአልኮል ይለቃል።

በሕይወት ሳለች መያዝ ያለበት

አልኮል ቀለም ይበላል። ቢጫው መጀመሪያ ይሟሟል፤ ስለዚህ አረንጓዴ የዛፍ እንቁራሪት፣ ለምሳሌ ሌፕቶፔሊስ፣ ወደ ሰማያዊነት ትቀየርና ኋላ ግራጫ ትሆናለች። ከብልቃጥ የወጣች ሰማያዊ እንቁራሪት አይቶ «አዲስ ዝርያ» ያለ ተማሪ ሁሉ የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ከላይ፣ ከጎን፣ ከሆድ፣ ከታፋው ውስጠኛ ገጽና ከእግር ጣቶች መካከል ያለውን ሽፋን አንሡ፤ ማስመሪያና የመስክ ቁጥሩ ፎቶው ውስጥ ይግቡ። ለፕቲካዴና ደግሞ ጀርባ ላይ ያሉት የቆዳ እጥፋቶችና የመሐል መስመሩ በግልጽ ይታዩ። ወንዱ ሲጮኽ ከተገኘ ድምፁን ቢያንስ ለአንድ ደቂቃ ቅዱ፣ የአየሩንና የውሃውን ሙቀት ጻፉ። ብርድ ጩኸቱን ስለሚያዘገየው ሙቀቱ ያልተጻፈበት ቅጂ ከሌላው ጋር አይወዳደርም።

ማደንዘዝ፣ ሥጋ መውሰድ፣ በፎርማሊን ማጠንከር

ለእንቁራሪት በጣም ቀላሉ መንገድ 20 በመቶ ቤንዞካይን ያለው የጥርስ ሕመም ጄል ነው፤ ሆዷ ላይ ይቀባል። ኤምኤስ-222 የተባለው የማደንዘዣ ዱቄት ካላችሁ በሊትር ውሃ 5 ግራም፣ ከዚያው ሚዛን በማያንስ ሶዲየም ባይካርቦኔት ጋር፣ ፒኤቹ 7 አካባቢ እስኪሆን። ያለ ባይካርቦኔት አሲድ ነው፣ ቆዳዋን ያቃጥላታል። መንቀሳቀስ ስላቆመች ሞታለች ማለት አይደለም፤ ልቧ መቆሙን ጠብቁ። የገበሎ አስተኔዎች ቆዳ መድኃኒቱን አይመጥም፤ ለእነሱ በመርፌ ወደ ሆድ ዕቃ ይሰጣል፣ ይህን የሚያደርገው የሠለጠነ ሰው ነው። በሕይወት ያለ እንስሳ ፎርማሊን ውስጥ ፈጽሞ አይገባም። መርዛም እባብ ደግሞ ከሞተ በኋላም ጭንቅላቱ ይነክሳል፤ የእፉኝት አፍ ስትከፍቱ መቆንጠጫ እንጂ ጣት አትጠቀሙ።

ከፎርማሊን በፊት ሥጋ ውሰዱ። ቅደም ተከተሉ ከተገላበጠ መመለሻ የለውም፤ ፎርማሊን ዲኤንኤውን ያቆራኘዋል፣ ማንበቡም ከባድና ውድ ይሆናል። ከጉበት ወይም ከግራ ታፋ የምስር ፍሬ የምታክል ሥጋ በ2 ሚሊ ሊትር ቱቦ ውስጥ፣ በ96 በመቶ ኤታኖል። ሥጋው ከቱቦው አንድ አሥረኛ አይብለጥ፣ አለዚያ ከሥጋው የሚወጣው ውሃ አልኮሉን ያቀጥነዋል። በማግስቱ አልኮሉን አንድ ጊዜ ቀይሩት። ቱቦው ውስጥ በእርሳስ የተጻፈ ቁጥር ይግባ፤ ከውጭ በማርከር የተጻፈውን ያው አልኮል ያጥበዋል። መቀሱን ከአንዷ ወደ ሌላዋ ሳትሻገሩ ጥረጉትና በእሳት ለብልቡት፣ እሳቱ ግን ከአልኮሉ ይራቅ።

አሁን ፎርማሊን። ገበያ ላይ የሚሸጠው 37 በመቶ ፎርማልዴሃይድ ነው፤ «10 በመቶ ፎርማሊን» የሚባለው የእሱ አንድ እጅ በዘጠኝ እጅ ውሃ ነው። ለአንድ ሊትር፦ 100 ሚሊ ሊትር ፎርማሊን፣ 900 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ 4 ግራም ሞኖቤዚክ ሶዲየም ፎስፌት፣ 6.5 ግራም ዳይቤዚክ ሶዲየም ፎስፌት። ጨዎቹ ቅንጦት አይደሉም። ያለ እነሱ ፎርማሊን እየቆየ ወደ ፎርሚክ አሲድ ይሄዳል፣ አሲዱም አጥንት ያሟሟል፤ ከዓመታት በኋላ ኤክስሬይ ሲነሣ አጥንት የሌላት እንቁራሪት ትገኛለች። በባሌ ወይም በስሜን ብርድ ያደረ የፎርማሊን ጠርሙስ ሥሩ ላይ ነጭ ዝቃጭ ካሳየ ፎርማልዴሃይዱ ተቆራኝቶ ወርዷል፤ የቀረው ፈሳሽ እንደተጻፈበት ጠንካራ አይደለም። ማታ ጠርሙሱን ሙቀት ያለበት ቦታ አሳድሩት፣ የምትተኙበት ድንኳን ግን አይሁን። ፎርማሊን ካንሰር አምጪ ነው፤ ሥራው ደጅ ወይም አየር በሚመዝዝ ሁድ ሥር፣ በጓንትና በመነጽር ይሠራል።

ክዳን ያለው ጠፍጣፋ ትሪ ላይ ወረቀት አንጥፉ፣ በፎርማሊን አርጥቡት። እንቁራሪቷን በሆዷ አስተኙ፣ የኋላ እግሮቿን እንደተቀመጠች አጥፉ፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ ዘርጉ። አንዴ ከጠነከረች በኋላ የታጠፈን ጣት ማቃናት መስበር ነው፤ በጣቶች መካከል ያለው ሽፋን ካልታየ ደግሞ ዝርያው አይለይም። በቀጭን መርፌ ወደ ሆድ ዕቃዋ ሆዷ ሞላ እስኪል ፎርማሊን ስጡ፤ እንዲነፋ ግን አይደለም። ይህ የሚዘለል እርምጃ ነው፣ መዘዙም ሁሌ አንድ ነው፦ ውጭዋ ይጠነክራል፣ አንጀቷ ይበሰብሳል፣ ከሳምንት በኋላ ሆዷ አረንጓዴ ሆኖ ይፈነዳል። ለእባብ በየጥቂት ሴንቲሜትሩ ውጉ፣ ወፍራም ጭራ ላይ ደግሞ ከሥር ሰንጠቅ አድርጉ። የወንድ እባብና እንሽላሊት ብልት ከጭራው ሥር ፈሳሽ በመውጋት ከፎርማሊን በፊት ወደ ውጭ ይገፋና በክር ይታሰራል፤ ለመለያ ከሚጠቅሙት ሁሉ ይህ በመስክ በጣም የሚረሳው ነው። እባብ ሲጠቀለል የሆዱ ቅርፊት ወደ ውጭ ይሁን፣ ቆጣሪው ሳይፈታው እንዲቆጥር።

ሦስት ሴንቲሜትር የምታክል እንቁራሪት በፎርማሊን ውስጥ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ይበቃታል፤ ትልቅ ጉርጥ ሳምንት፣ ክንድ የሚያህል እባብ እስከ ሁለት ሳምንት።

እጥበትና አልኮል

በንጹሕ ውሃ ሁለት ቀን፣ ውሃውን ደጋግሞ እየለወጡ። ከዚያ ወደ 70 በመቶ ኤታኖል። እጮች ብቻ በፎርማሊን ይቀራሉ፤ አልኮል የጭራቸውን ስስ ሽፋን ያኮማትረዋል።

70 በመቶ ለማዘጋጀት 730 ሚሊ ሊትር 96 በመቶ ኤታኖል መለኪያ ላይ ቀድታችሁ 1000 የሚለው መስመር እስኪደርስ የተጣራ ውሃ ጨምሩ። «270 ሚሊ ውሃ» ብላችሁ ለብቻ ብትለኩ ሊትር አይሞላም፣ አልኮልና ውሃ ሲገናኙ ይሟሽሻሉና። የቧንቧና የጉድጓድ ውሃ ካልሲየሙ ከፎርማሊኑ ፎስፌት ጋር ነጭ ዝቃጭ ይሠራል። ቀለም የተጨመረበት ስፒሪት ናሙናውን ያቀልመዋል፣ አይሆንም። በጭንቅ ጊዜ አረቄም ይሠራል የሚል ምክር አለ፤ አትስሙት፣ ዳግም አረቄ እንኳ ብዙውን ጊዜ ከ50 በመቶ በታች ነው፣ እንስሳዋ ውስጡ ትላላለች።

ከ60 በመቶ በታች መበስበስ ይጀምራል፣ ከ80 በላይ ናሙናው ይጨማደዳል። ብልቃጥ ሲጎድል ቶሎ የሚተንነው አልኮሉ እንጂ ውሃው አይደለም፤ ስለዚህ በየዓመቱ በ70 በመቶ ብቻ መሙላት ብልቃጡን ቀስ በቀስ ያቀጥነዋል። ከመሙላታችሁ በፊት በአልኮል መለኪያ ለኩ፣ የወረደውን በ96ቱ አስተካክሉ።

አንድ የአገራችን ጣጣ አለ። ጋምቤላ ላይ 500 ሜትር ከፍታ አካባቢ የተዘጋ ብልቃጥ አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ሲደርስ ውስጡ ያለው አየር ይገፋል፤ ክዳኑ ዳር ዳሩን ያፈሳል፣ ሲከፈትም ይተፋል። መንገድ ላይ ክዳኑን አንድ ሁለቴ አላሉት፣ ብልቃጡንም ጠርዙ ድረስ አትሙሉት።

ወረቀቱ

ብልቃጥ ውስጥ የሚገባ ወረቀት ከጥጥ የተሠራ ወፍራም ወረቀት ይሁን፣ ጽሑፉም በእርሳስ ወይም በደንብ በደረቀ የቻይና ቀለም። የእስኪሪብቶ ጽሑፍ በአንድ ሌሊት ይጠፋል። የሌዘር ማተሚያ ጽሑፍ ደህና ይመስልና ከዓመታት በኋላ ፊደሉ እንደ ቅርፊት ተልጦ ሥር ላይ ይዘቅጣል፤ ብልቃጡን ስታናውጡት ጥቁር ነጠብጣብ ሲዋኝ ካያችሁ ያ የቦታው ስም ነው።

ቀኑ

ከሁሉም በላይ እዚህ ላይ ቆም በሉ፤ በአገራችን ስብስቦች ውስጥ ከፎርማሊን ስሕተት ይልቅ ብዙ ናሙና የሚያበላሸው የቀን ጽሑፍ ነው።

አንድ ወረቀት «12/4/2009» ይላል እንበል። ታኅሣሥ 12 ቀን 2009 ዓ.ም. ከሆነ ዲሴምበር 21፣ 2016 ነው። የአውሮፓ ከሆነ ኤፕሪል 12፣ 2009 ነው። ሰብሳቢው አሜሪካ ተምሮ ከሆነ ደግሞ ዲሴምበር 4፣ 2009። ሦስቱም ትክክለኛ ቀኖች ናቸው፣ በመካከላቸው ከሰባት ዓመት በላይ አለ። ለመለየት በፊትና በኋላ ያሉትን የመስክ ቁጥሮች እዩ፣ የፈቃዱን ቀን እዩ፣ ማስታወሻውን አንብቡ። «ስትጮኽ ተያዘች» የሚል ካለና ቦታው ባሌ ከሆነ ከታኅሣሥ በጋ ይልቅ የሚያዝያ በልግ ይቀርባል፤ ይህ ግን ፍንጭ ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም። ካልለየ የተጻፈውን እንዳለ ገልብጡ፣ የተተረጎመውን ዓምድ ባዶ ተዉት፣ ሦስቱን አማራጮች በአስተያየት አስፍሩ።

ለአዲስ ናሙና ደንቡ ቀላል ነው፦ ወሩ በስም፣ አቆጣጠሩ ተጠቅሶ፣ ሁለቱም ጎን ለጎን። «ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ጨምር» የሚለው ለቡና ወሬ ይበቃል፣ ለካታሎግ አይበቃም። መስከረም 5 ቀን 2016 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 16፣ 2023 ነው፤ መስከረም 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ግን ሴፕቴምበር 15፣ 2024 ነው። ልዩነቱ የመጣው በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጳጉሜን ስድስት ቀን ስለነበራት ነው። ጳጉሜን ራሷ ሌላ ችግር ናት። አሥራ ሁለት ወር ብቻ የሚቀበል ቅጽ ፊት የተቀመጠ ጸሐፊ ጳጉሜን 3ን ነሐሴ 30 አድርጎ ያስገባታል፣ ማንም ሳያውቅ። ቅጹን ስትሠሩ የኢትዮጵያው ቀን የሚገባበት ዓምድ ተራ ጽሑፍ ይሁን። ኤክሴል ላይም ዓምዱን አስቀድማችሁ ጽሑፍ ካላደረጋችሁት ፕሮግራሙ ራሱ ወደ ፈለገው ቀን ይለውጠዋል።

ሰዓትም እንዲሁ ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት 21፡00 ነው። እንቁራሪት ፈላጊ ደግሞ ሌሊት ነው የሚሠራው። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ የተያዘች ጉርጥ በአውሮፓው ቀን በማግስቱ ትቆጠራለች፣ በእኛ አነጋገር ግን ገና አልነጋም። «ሐምሌ 12 ለ13 አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት» ብሎ የጻፈ ሰው ጥርጣሬ አይተውም፤ አጥቢያ የምትለዋን ቃል ያዙ፣ የውጭ ቅጾች የሌላቸው ነገር ናት።

ቦታው

የመጀመሪያው ሕግ፦ ወረቀቱ ያለውን ቃል በቃል አንድ ዓምድ ውስጥ ገልብጡ፣ ፊደል እንኳ አታርሙ። የዛሬውን ትርጉም በሌላ ዓምድ። ናዝሬት አዳማ፣ ደብረ ዘይት ቢሾፍቱ፣ ዝዋይ ባቱ ሆነዋል። «ከፋ» የሚል የድሮ ወረቀት የጠቅላይ ግዛቱን ከፋ እንጂ የዛሬውን ዞን አይልም። በ2020 ሲዳማ፣ በ2021 ደቡብ ምዕራብ፣ በ2023 ደቡብና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሆነዋል፤ ክልሉን ዛሬ ባለው ስም ብቻ የመዘገበ ካታሎግ በየጊዜው ይታረማል። «አቢሲኒያ» ወይም ከ1993 በፊት «ኢትዮጵያ» የሚል ወረቀት ቦታው ዛሬ ኤርትራ ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ የከተማውን ስም ሳታረጋግጡ አገሩን አትሙሉ።

በፊደላችን የሚመዘገብ ካታሎግ የራሱ ወጥመድ አለው። ሐዋሳ፣ ሀዋሳ፣ አዋሳ ለሰው አንድ ናቸው፣ ለኮምፒዩተር ሦስት። ሐረርና ሀረር፣ ሠላሌና ሰላሌም እንደዚያው። አንድ የጸደቀ የቦታ ስም ዝርዝር አዘጋጁና ከዚያ ብቻ እየመረጣችሁ አስገቡ፤ በላቲን ፊደልም ያው።

ጂፒኤስ ላይ ዲግሪውን በአሥርዮሽ፣ እስከ አምስት አኃዝ ጻፉ፣ የካርታ መነሻው ደብሊውጂኤስ 84 መሆኑንም። ከድሮው 1፡50,000 ካርታችን የተነበበ ነጥብ መነሻው አዲንዳን ነው፤ ሳይቀየር ከገባ ከ200 ሜትር በላይ ይስታል። ሜዳ ላይ ግድ የለም፤ የሐረና ገደል ላይ ግን 200 ሜትር ማለት ሌላ የደን ዓይነት ነው። አገራችን በሰሜን ከ3 እስከ 15፣ በምሥራቅ ከ33 እስከ 48 ዲግሪ ውስጥ ስለሆነች ከዚያ የወጣን ቁጥር ቅጹ ራሱ እንዲመልሰው አድርጉ። ሁለቱ ቁጥሮች ቦታ ከተለዋወጡ የአዲስ አበባ እንቁራሪት ከሰርዲኒያ ደሴት በስተደቡብ ባሕር ላይ ትወጣለች።

መዝገብ ምን እንደሚመስል በከፊል ለማሳየት ያህል፣ ቁጥሩም ይዘቱም ለምሳሌ የተሠራ፦

የካታሎግ ቁጥር 1482። የመስክ ቁጥር አከ 0317። ሌፕቶፔሊስ፣ ዝርያው ገና ያልተለየ። ወንድ፣ ከአፍንጫ ጫፍ እስከ ፊንጢጣ 41.2 ሚሊ ሜትር፣ የተለካው ከፎርማሊን በፊት። ቦታ በወረቀቱ ቃል፦ «ባሌ፣ ሐረና ጫካ፣ ከሪራ ወደ ዶሎ መና 8 ኪ.ሜ. በመንገዱ፣ ከመንገዱ ግራ ጅረት ዳር»። ሐምሌ 12 ለ13 ቀን 2016 ዓ.ም. አጥቢያ፤ ጁላይ 20፣ 2024፣ 01፡00። ቁጥቋጦ ላይ፣ ከመሬት 1.5 ሜትር፣ እየጮኸ። የአየር ሙቀት 12.5። ጉበት በ96 በመቶ ኤታኖል፣ ቱቦ 0317። ፎቶ 4፣ የድምፅ ቅጂ 1።

መጠኑ ከፎርማሊን በፊት ወይስ በኋላ እንደተለካ መጻፉን ልብ በሉ፤ አልኮል ውስጥ ትኮማተራለች።

ስሞቹ

የሰብሳቢውን ስም ሙሉውን፣ እንዳለ ጻፉ። የውጭ ፕሮግራሞች «የቤተሰብ ስም» ይጠይቃሉ፤ አበበ ከበደን «ከበደ፣ አ.» ያደርጉትና ከእኅቱ ከአልማዝ ከበደ ጋር ያዋህዱታል። ሁለቱም «ከበደ፣ አ.» ናቸው። ስሙን ከነአባት ስሙ በአንድ ዓምድ አስገቡት።

የዝርያ ስም አስተያየት ነው፤ ማን ለየው፣ መቼ፣ በምን መሠረት የሚል ይከተለዋል። ሲታረም የፊተኛው አይሰረዝም፣ አዲሱ ከላዩ ይጨመራል። ቢቲስ ሃሬና የተባለችው የባሌ እፉኝት በ2016 የተገለጸችው በዋነኝነት በ1960ዎቹ መጨረሻ በተሰበሰበች አንዲት እንስት ናሙና ላይ ተመሥርቶ ነው፤ የተገኘችበት ቦታም ዶዶላ ሳይሆን አይቀርም ከማለት ያለፈ አልተቻለም። እርግጠኛ ካልሆናችሁ ወገኑን (ለምሳሌ ሌፕቶፔሊስ) ብቻ ጻፉ። ሰው ሁሉ «ኖይማኒ» እያለ የመዘገባቸው የደጋ እንቁራሪቶች ዛሬ እንደገና አንድ በአንድ እየተከፈቱ ነው።

የተረሱ ብልቃጦች

አሮጌ ስብስብ ከተረከባችሁ ምንም አትጣሉ፣ ምንም አትለያዩ። መጀመሪያ ብልቃጡን እንደቆመ፣ ከዚያ ውስጡ ያለውን ወረቀት ሁሉ አንሡ። ፈሳሹ ፎርማሊን ይሁን አልኮል በማሽተት አትለዩ፤ አንድ ጠብታ ጸጥ ባለ ውሃ ውስጥ ጣሉ፣ አልኮል እየተጥመዘመዘ ወደ ላይ ይወጣል፣ ፎርማሊን ይወርዳል። ቁጥር የሌላቸው ናሙናዎች ከአንድ ወረቀት ጋር ከተገኙ ሁሉም ያንኑ መረጃ ይወርሳሉ፣ «ከአንድ ብልቃጥ» የሚል ማስታወሻ ይጨመርላቸዋል። ሁለት የሚጋጩ ወረቀቶች ካሉ ሁለቱም ይመዝገቡ። የተቀዳደደ ወረቀት አዲስ ከተጻፈለት በኋላም እዚያው ብልቃጥ ውስጥ ይቆያል።

የደረቀ ናሙና አልቆለትም ማለት አይደለም። 0.5 በመቶ ትራይሶዲየም ፎስፌት ውስጥ፣ ለብ ባለ ሙቀት፣ እስኪለሰልስ ይቆይና ታጥቦ ወደ አልኮል ይመለሳል። ፈሳሹ ቡናማ ከሆነ ከሰውነቷ የወጣ ስብ ነው፤ አንድ ጊዜ ቀይሩት።

መደርደሪያው ጨለማና ቀዝቃዛ ይሁን፣ ፀሐይ ቀለሙንም ክዳኑንም ትበላለች። የብረት ክዳን ከዝገት አይድንም፣ ፕላስቲክ ከነጎሚኒው ይሻላል፤ ጎሚኒው ሲደርቅ ይቀየራል። 70 በመቶ ኤታኖል በተራ ክፍል ሙቀት እሳት ይይዛል፤ ምድጃ፣ ሲጋራና ብልጭ የሚል ማብሪያ እዚያ ክፍል አይግቡ። ናሙና በውሰት ሲወጣ ባዶው ቦታ ላይ የተበዳሪው ስም፣ የወጣበትና የሚመለስበት ቀን የተጻፈበት ካርድ ይቁም፤ ቀኑም በሁለቱም አቆጣጠር።